ወንዴው ይበልጣል ወይስ ሴቴዋ? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

በወንዴና በሴቴ እንስሳት መካከል ያለውን የመጠንና የጉልበት ልዩነት በሥርዓት መርምረው በጽሑፍ ካቆዩት ሰዎች ቀዳሚው አርስቶትል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን፣ በኤጂያን ባሕር ባለችው በሌስቦስ ደሴት ተቀምጦ ዓሣ አጥማጆችን እየጠየቀ፣ ከመረብ የወጣውንም እየሰነጠቀ እያየ ብዙ ጻፈ። ግልገል በሚወልዱ ባለ አራት እግር እንስሳት ዘንድ በአብዛኛው ወንዴው እንደሚገዝፍና እንደሚበረታ፣ በነፍሳት፣ በሸረሪቶች፣ በእባቦች፣ በእንቁራሪቶችና በብዙ ዓሦች ዘንድ ግን ሴቴዋ እንደምትበልጥ መዘገበ። ድፍረትን ለወንዴው ሲሰጥም ድብንና ነብርን ለይቶ አወጣ፤ በእነዚህ ደፋሯ ሴቴዋ ናት አለ።

ይህ ትዝብት በጥቅሉ ዛሬም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነቀፋው የሚገባው ከትዝብቱ ለተወሰደው ድምዳሜ ነው። አርስቶትል ስለ እንስሳት መራባት በጻፈው ሥራው ሴትን እንደ ጎደለ ወንድ ቆጠራት፤ እምነቱም ያየውን ነገር እስከ መጋረድ ደረሰ። ንቦችን ሲመረምር ሠራተኞቹ ሴቶች ሊሆኑ እንደማይችሉ ወሰነ። ሠራተኛ ንብ መንደፊያ አላት፣ ተፈጥሮ ደግሞ ለሴት የጦር መሣሪያ አትሰጥም የሚል ነበር ክርክሩ። በቀፎው ውስጥ ከሁሉ የምትገዝፈውንም ንብ ንጉሥ አላት። እናት የሚሏት ሰዎች እንዳሉ ያውቅ ነበር፤ ራሱም ጠቅሷቸዋል፤ ቃላቸውን ግን አልተቀበለም።

ከመጻሕፍት ይልቅ ከእንስሳቱ ጋር የሚውሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቀድመው ያውቃሉ። በመካከለኛው ዘመን ጭልፊትና መሰሎቹን ለአደን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ለትልልቅ ወፎች ሴቴዋን መልቀቅ እንደሚሻል ይነጋገሩ ነበር፤ ከወንዴው በግልጽ ትገዝፋለችና። በ1250 የሞተው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ስለ አዳኝ ወፎች በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ይህንኑ አስፍሯል። በእነዚህ ወፎች ዘንድ ነገሩ ለምን ተገላቢጦሽ እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የቀፎው ንጉሥ ከዙፋኑ ለመውረድ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ፈጀበት። በ1609 እንግሊዛዊው ቄስና ንብ አርቢ ቻርልስ በትለር በቀፎ ላይ የምትነግሠው ሴት መሆኗን በመጽሐፉ ርዕስ ሳይቀር አወጀ። ማስረጃውን ያመጣው ግን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በማይክሮስኮፕ እየታገዘ ትልቋን ንብ ሲሰነጥቅ እንቁላል የሞላባቸው የእንቁላል ዕጢዎች አገኘ። መንደፊያ የሌላቸው ድንጉላዎች ወንዶቹ መሆናቸውም በዚያው ታወቀ። ጦር መሣሪያው ያለው በሴቶቹ ወገን ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የምደባ ዘመን አዲስ ዓይነት ስሕተት ይዞ መጣ። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ባሳተመው ዝነኛ የእንስሳት መዝገብ የአንዱን የዱር ዳክዬ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ስም ሰጥቶ ሁለት ዝርያ አድርጎ መዘገባቸው። ወንዴው አንገቱ አረንጓዴ፣ ሴቴዋ ቡናማ ስለሆኑ አንድ ቤተሰብ አልመሰሉትም። በ1830ዎቹ እንግሊዛዊው የወፍ ሊቅ ጆን ጉልድ ኹያ የተባለችውን የኒውዚላንድ ወፍ ሲገልጽ በዚያው ጉድጓድ ወደቀ። የወንዴው መንቁር አጭርና ጠንካራ፣ የሴቴዋ ረጅምና ቀጭን ቆልማማ በመሆኑ በሁለት ስም ጠራቸው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የፈረንሳዊው የጆርጅ ኩቪየር ነው። በዘመኑ በእንስሳት አካል ጥናት እሱን የሚስተካከል አልነበረም። በ1829 አርጎናት ከተባለችው የኦክቶፐስ ዘመድ አካል ውስጥ አንድ ተንቀሳቃሽ ነገር ወጥቶ ሲደርሰው ጥገኛ ትል ነው ብሎ አዲስ ስም አወጣለት። ያ ነገር ትል አልነበረም፤ የወንዴው ክንድ ነበር። የአርጎናት ሴቴ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ስስ ዛጎል ትሠራለች፤ ወንዴው ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ዘሩን የያዘ ክንዱን ሴቴዋ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። የወንዴው ሙሉ አካል በትክክል የተገለጸው በ1853፣ በጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሙለር ነው።

ከእነዚህ ስሕተቶች ጎን ለጎን የማብራሪያ ጅማሮም ነበር። የለንደኑ ሐኪም ጆን ሀንተር በ1780 የዶሮ ዘመድ የሆነች አንዲት ያረጀች ፌዛንት የወንዴውን ላባ ስታወጣ ተመልክቶ ጻፈ። ላባ፣ ቀንድና የእግር እሾህ ራሳቸው የመራቢያ አካላት ሳይሆኑ እነሱን ተከትለው የሚመጡ ባሕርያት መሆናቸውን ለይቶ አሳየ። ስለ ፆታ ልዩነት የሚነጋገሩ ተመራማሪዎች ሁሉ እስከ ዛሬ በዚህ አከፋፈል ይሠራሉ።

ቻርልስ ዳርዊን ወደዚህ ጉዳይ የገባው በትልልቆቹ እንስሳት በር አይደለም። በ1846 ከመርከብ ጉዞው ያመጣቸውን ናሙናዎች ሲያገላብጥ፣ ከዓለትና ከመርከብ ወለል ተጣብቀው በሚኖሩት ባርናክል የተባሉ ባለ ዛጎል ፍጥረታት ላይ ተጠመደ፤ ሥራውም ስምንት ዓመት ገደማ ወሰደበት። አብዛኞቹ ባርናክሎች በአንድ አካል ወንድም ሴትም ናቸው። በጥቂት ዝርያዎች ላይ ግን ዳርዊን ከሴቴዋ ጋር የተጣበቁ ጥቃቅን ነገሮች አየ፤ በመጀመሪያ ጥገኛ ተውሳኮች መሰሉት። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ወንዶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም አፍና ሆድ የሌላቸው፣ ዘር ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ። በ1851 እና በ1854 ባሳተማቸው ጥራዞች ይህን በዝርዝር ጻፈ። ዳርዊን ከጊዜ በኋላ ስለ ወንዶች ፍልሚያ የጻፈው በብዛት ይጠቀሳል፤ በዓይኑ ያገኛቸው የመጀመሪያዎቹ ያልተለመዱ ወንዶች ግን እነዚህ ድንክዬዎች መሆናቸው ይረሳል።

በ1871 ስለ ሰው ዘር አመጣጥና ስለ ፆታዊ ምርጫ ያወጣው መጽሐፍ ጥያቄውን በሰፊው ከነምክንያቱ አቀረበው። ወንዶች ሴቶችን ለማግኘት እርስ በርስ ሲፋለሙ ግዙፉና የታጠቀው ያሸንፋል፣ ብዙ ይወልዳል፣ ግዝፈቱንም ለወንድ ልጆቹ ያወርሳል። የአጋዘን ቀንድ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ የአቆስጣ ክብደት የመጡት ከዚህ ነው አለ። ሁለተኛው መንገድ የሴቴዋ ምርጫ ነው፤ የጣዎስ ጭራ በዚህ ይገለጻል። ሴቴዋ በምትገዝፍባቸው ነፍሳት ደግሞ ምክንያቱ የእንቁላል ብዛት ነው፤ ሰፊ ሆድ ብዙ እንቁላል ይይዛል። የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ እንደ እሱ በራሱ መንገድ ያፈለቀው አልፍሬድ ረሰል ዋላስ የወንዶችን ፍልሚያ ሲቀበል የሴቴዋን ምርጫ ግን አልዋጥልህ አለው። ብዙዎችም ከዋላስ ጋር ቆሙ፤ ለመቶ ዓመት ገደማ ከዳርዊን ሐሳብ ተነጥሎ የቀረው የወንዶቹ ጦርነት ብቻ ነበር። የእንቁላሉ ነገር ለነፍሳት አጥኚዎች ተተወ።

የሚቀጥለው ግኝት የመጣው ብርሃን ከማይደርስበት የባሕር ጥልቀት ነው። በ1922 አይስላንዳዊው የዓሣ ሊቅ ብያርኒ ሳይሙንድሶን አንግለር የተባለውን የጥልቅ ባሕር ዓሣ አንዲት ትልቅ ሴቴ ሲመረምር፣ ሆዷ ላይ በአፍንጫቸው የተጣበቁ ሁለት ትንንሽ ዓሦች አገኘ። የዚህ ዝርያ ሴቴ ከአንድ ሜትር በላይ ልታድግ ትችላለች። ሳይሙንድሶን ልጆቿ ናቸው ብሎ ገመተ፤ እንዴት እንደተጣበቁ ግን ግራ ገባው። ከሦስት ዓመት በኋላ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቻርልስ ቴት ሪገን ተመሳሳይ ናሙና አግኝቶ ትንሹን ዓሣ ከፈተው። ልጅ ሳይሆን ባል ነበር። ቆዳው ከቆዳዋ፣ የደም ሥሩ ከደም ሥሯ ጋር ተዋሕዷል፤ ምግቡንም ከደሟ ያገኛል። ወንዴው ገና ትንሽ ሳለ በጨለማው ውስጥ ሴቴዋን ፈልጎ ይነክሳታል፤ ካገኛትም ከዚያ አይላቀቅም። ዓሦቹ እጅግ በተራራቁበት ጥልቀት ግዝፈት ለወንዴው ምንም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ፈልጎ ማግኘት ነው።

ከዳርዊን፣ ከሙለርና ከሪገን ሥራ አንድ ነገር ይነበባል። ትንሹ ወንድ በየጊዜው ተውሳክ፣ ትል ወይም ልጅ እየተባለ ተመዝግቧል። ተመልካቾቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም፤ ወንድ ይህን ያህል ሊያንስ ይችላል የሚል ጥርጣሬ በአእምሯቸው ስላልነበረ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሥራው ወደ ቁጥር ዞረ። በ1948 እንግሊዛዊው አንገስ ጆን ቤትማን በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ባደረገው ሙከራ የወንዶች የልጅ ብዛት ከሴቶቹ ይልቅ እጅግ እንደሚለያይ፣ አንዱ ብዙ ሲወልድ ሌላው ባዶ እንደሚቀር አስታወቀ። ሥራው ለአሥርት ዓመታት የመስኩ ምሰሶ ሆኖ ቆየ። በ2012 ፓትሪሺያ ጎዋቲና ባልደረቦቿ ሙከራውን ደግመው የልጆቹ አቆጣጠር ራሱ ሚዛኑን ያዛባ መሆኑን ሲያሳዩ ምሰሶው መነቃነቅ ጀመረ። በ1950 ጀርመናዊው በርንሃርድ ሬንሽ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አየ። ወንዴው በሚገዝፍባቸው ወገኖች ዝርያው ራሱ እየተለቀ በሄደ ቁጥር የፆታ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሴቴዋ በምትገዝፍባቸው ግን ይጠባል።

በዚህ ጊዜ የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960 እና በ1961 ከድሬዳዋ ብዙ በማትርቀው በኤረር ጎታ አካባቢ ሐማድሪያስ የተባሉትን ዝንጀሮዎች አጠና። ወንዴው ግራጫ ጎፈር ያለው፣ ክብደቱም የሴቴዋ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ኩመር ይህ ግዝፈት ምን ላይ እንደሚውል በቅርብ አየ። ወንዴው ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይጓዛል፤ ወደ ኋላ የቀረችውንም አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል።

በ1970ዎቹ ሮቢን ደንባር በስሜን ተራሮች ጭላዳዎችን ሲያጠና ያገኘው ነገር ግን ለግዝፈት ያን ያህል አላደላም። የጭላዳ ወንዴ 18 ኪሎ ገደማና ከዚያም በላይ ይመዝናል፣ ሴቴዋ 11 ኪሎ ገደማ ናት፤ የወንዴው የውሻ ክራንቻም አስፈሪ ነው። ሆኖም ቤተሰቡን አጽንቶ የሚይዘው በሴቶቹ መካከል ያለው ዝምድና ነው። ተፎካካሪ ወንድ ሲመጣ ሴቶቹ ለማን ያደላሉ የሚለው የፍልሚያውን ውጤት ይወስናል።

የፍልሚያው ማስረጃ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው በካሊፎርኒያ ዳርቻ ነው። የባሕር ዝሆን የተባለው ሰሜናዊ አቆስጣ በ19ኛው መቶ ዘመን ለስቡ ሲባል ሊጠፋ ተቃርቦ፣ በሜክሲኮ ግዛት ጓዳሉፔ ደሴት የተረፉት ጥቂቶች እንደገና ተባዙ። በርኒ ለበፍና ሪቻርድ ፒተርሰን በአኞ ኑዌቮ ደሴት የሰበሰቡትን ቆጠራ በ1969 አወጡ፤ ከወንዶቹ 4 በመቶ የሚሆኑት 85 በመቶ የሚሆኑትን ሴቶች እንዳስረገዙ የሚያሳይ ነበር። ወንዴው ደረቱን ቀጥ አድርጎ ይፋለማል፤ በዚያ ወቅት ለሦስት ወር ያህል ወደ ባሕር ሳይመለስ፣ ሳይበላ ይቆያል። ክብደቱ መሣሪያም ስንቅም ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ወንዶች ግዝፈት የተጻፈ መማሪያ ሁሉ ይህን እንስሳ ምሳሌ አደረገ፤ ምሳሌው ዳር ላይ ያለ ልዩ ሁኔታ መሆኑ ግን ብዙ አልተነገረም።

ያን የተናገረችው ካትሪን ራልስ ናት። በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ እንስሳት ትናንሽ የአፍሪካ ሚዳቋዎችን ስታጠና ሴቶቹ ከወንዶቹ እንደሚበልጡ አየች። በ1976 ባወጣችው ጽሑፍ ሴቴዋ የምትገዝፍባቸውን አጥቢዎች ሰበሰበች። ዝርዝሩ ብዙዎች ከገመቱት በላይ ረዘመ፤ ብዙ ሌሊት ወፎች፣ ጥንቸሎች፣ ትናንሽ ሚዳቋዎችና ጥርስ አልባዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ተካተቱ። በምድር ላይ ከኖሩት እንስሳት ሁሉ ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ከመጨረሻዎቹ ስለሆነ፣ የግዝፈት ክብረ ወሰን ባለቤት ሴት ናት። ራልስ ምክንያቱን ከእናትነት ጋር አያያዘችው፤ ትልቅ እናት ትልቅ ልጅ ትወልዳለች፣ ብዙ ወተት ትሰጣለች፣ ልጆቿንም ትጠብቃለች። ከእሷ አሥር ዓመት በፊት ሮበርት ሴላንደር በካሪቢያን ግንደ ቆርቁር ላይ ያሳየው ሌላ መንገድም አለ። የወንዴውና የሴቴዋ መንቁር ርዝመት የተለያየው በአንድ ግዛት ሳይሻሙ የተለያየ ምግብ እንዲለቅሙ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ጥያቄው የሰው ልጅ ቅድመ ታሪክ ውስጥ ገባ፤ መድረኩም አፋር ነበር። በኅዳር 1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አካባቢ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንት ተገኘ፤ ከእነሱም መካከል ከሉሲ በጣም የሚገዝፉ ነበሩ። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ሁሉም የአንድ ዝርያ ወንዶችና ሴቶች ናቸው ሲሉ፣ ሌሎች ሁለት ዝርያ ነው ብለው ተከራከሩ። ነገሩ ከሊኒየስ ዳክዬ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ዳክዬውን ሐይቅ ዳር ሄዶ ማየት መቻሉ ነው። የአንድ ዝርያ ሐሳብ አሸነፈ፤ የልዩነቱ መጠን ግን ገና አልተቋጨም። በ2003 በወጣ ጥናት ፊሊፕ ሪኖና ባልደረቦቹ ልዩነቱ ከዛሬው ሰው ብዙም አይርቅም አሉ፤ ሌሎች ከጎሪላ ጋር ያቀራርቡታል። በዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን በወራንሶ ሚሌ ያገኘውና በ2010 ይፋ ያደረገው፣ 3.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ካዳኑሙ የተባለ ረጅም ወንድ ለክርክሩ ተጨማሪ አጥንት ሰጠ።

አዲሱ ክፍለ ዘመን ከጥንቱ ስሕተት ጥቂቶቹን አረመ። በ2003 ከጥንት አጥንት በተወሰደ ዘረ መል፣ በኒውዚላንድ የጠፋው ሞአ የተባለ ግዙፍ ወፍ በመጠን ተለይቶ በብዙ ዝርያ ይመዘገብ የነበረው በከፊል ወንድና ሴት ስለሆነ መሆኑ ታወቀ፤ ሴቴዋ ከወንዴው በክብደት እስከ 2.8 እጥፍ ትበልጥ ነበር። በ2002 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አጥር አቅራቢያ ከነሕይወቱ መታየቱ የተዘገበው የብርድ ልብስ ኦክቶፐስ ወንድ 2.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሴቴዋ ሁለት ሜትር ትደርሳለች፣ በክብደትም ቢያንስ አሥር ሺህ እጥፍ ትበልጠዋለች። በዚያው ዓመት በሞንቴሬ ባሕረ ሰላጤ ከ2,800 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የዓሣ ነባሪ አጥንት የሚበሉ ትሎች ተገኙ፤ ሁሉም ሴቶች መሰሉ፤ ወንዶቹ ግን በሴቷ ቱቦ ውስጥ ተሰብስበው የሚኖሩ ጥቃቅኖች ናቸው።

ጉልበትና ግዝፈት አንድ አለመሆናቸውን ያሳየው ደግሞ ጅብ ነው። በሐረር ግንብ ዙሪያ በየምሽቱ ከሰው እጅ የሚበላው ዥንጉርጉሩ ጅብ በሴቶች የሚመራ ነው። ሃንስ ክሩክ በ1960ዎቹ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ካጠናው በኋላ፣ የሴቴዋ የበላይነት የመጣው ከወንዴው 10 በመቶ ገደማ ስለምትከብድ ነው የሚል ግምት ለብዙ ጊዜ ቆየ። በ2019 የወጣ የንጎሮንጎሮ ጥናት ግን ኮሊን ቩልዩና ባልደረቦቹ ሁለት ጅቦች ሲጋጠሙ የሚያሸንፈው ከባዱ ሳይሆን ብዙ ደጋፊ ያለው መሆኑን አሳዩ። ሴቴዋ የምታይለው በተወለደችበት መንጋ ውስጥ ዘመዶቿን ይዛ ስለምትቀር ነው፤ ወንዴው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳል።

የአንግለሩም ነገር በ2020 ተጨማሪ መልስ አገኘ። አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደ ባዕድ ሳይቆጥር እንዴት ሊዋሐዱ ቻሉ የሚለውን ሲያጠኑ፣ የጀርመን ተመራማሪዎች እነዚህ ዓሦች የሰውነት መከላከያ ዋና ዋና ዘረ መሎችን እንዳጡ አገኙ። ወንዴው ከሴቴዋ ጋር መዋሐዱ ከእንስሳው በሽታ መከላከያ ተቀንሶ የተከፈለ ነው።

በመጋቢት 2024 ካያ ቶምባክ፣ ሰቨሪን ሄክስና ዳንኤል ሩበንስታይን የ429 አጥቢ ዝርያዎችን የወንድና የሴት ክብደት አነጻጽረው አወጡ። ወንዴው የሚከብድባቸው ዝርያዎች 45 በመቶ፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑባቸው 39 በመቶ፣ ሴቴዋ የምትከብድባቸው 16 በመቶ ነበሩ። ወንዴው የሚገዝፍባቸው ዝርያዎች ከግማሽ በታች መሆናቸው ዋናው ግኝት ነው። የቀደመው ግምት የተመሠረተው በብዛት በተጠኑት፣ ማለትም በአንበሳ፣ በአጋዘን፣ በአቆስጣና በዝንጀሮ ላይ ነበር፤ ከአጥቢ ዝርያዎች ግማሽ በላይ የሆኑት አይጠ መጎጥና ሌሊት ወፎች ግን በሚገባቸው መጠን አልተመዘኑም። በጥናቱ ልዩነቱ እጅግ የሰፋባቸው ሁለት ጫፎች አሉ፤ በአንዱ በኩል ወንዱ ሴቷን በክብደት 3.2 እጥፍ የሚበልጣት ሰሜናዊው የባሕር ዝሆን፣ በሌላው በኩል ሴቷ ወንዱን 1.4 እጥፍ የምትበልጥበት በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖር ቱቦ አፍንጫ ሌሊት ወፍ።